ሁለት ሳይክል ይገዛ የምለው ለምንድን ነው?

እህቶቼ፣ ባለፈው ስብሰባችን ላይ «ሁለት ያገለገሉ ሳይክሎች እንግዛ» ብዬ ሐሳብ ሳቀርብ ግማሾቻችሁ ሳቃችሁ፣ ግማሾቻችሁ ደግሞ ተቆጣችሁ። አንዷ «እዚህ የመጣነው ለሥራ ነው እንጂ ለሽርሽር ነው እንዴ?» አለች። ሌላዋ «የታመመች እህት እያለችን ገንዘቡን ጎማ ላይ እንጣል?» አለች። ሁለቱም ጥያቄ መልስ ይገባዋል። የዚያን ቀን ሰዓቱ ስላጠረን መልሴን እዚህ ጽፌዋለሁ።

ከገንዘቡ ልጀምር። ከሳጥናችን አንድ ሪያል አይነካም። የሳጥኑ ገንዘብ የታመመች ማሳከሚያ፣ ሥራ ያጣች ማቆያ፣ ሞት ሲመጣ ደግሞ አስከሬን ወደ አገር መላኪያ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። ፈቃደኛ የሆንን 15 ሰዎች በወር 10 ሪያል ለሦስት ወር ብናዋጣ 450 ሪያል ይሆናል። እኔ ጠይቄ ያየኋቸው ያገለገሉ ሳይክሎች 200 ሪያል አካባቢ ናቸው። በቀረው ቁልፍና የጎማ መንፊያ እንገዛበታለን። ያልፈለገች አታዋጣም፣ ማንም አይታዘባትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። «የመጣነው ለሥራ ነው» የሚለው ቃል እውነት ነው። ግን የማዳም ማጠቢያ ማሽን እንኳ ሲሞቅ ይጠፋል። የኛ ጉልበት ግን ከሱብሒ እስከ እኩለ ሌሊት ቢሠራ የሚሞቅ አይመስላቸውም። ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የቤት ሠራተኞች ደንብ በሳምንት 24 ሰዓት ያልተቆራረጠ፣ ደመወዝ የማይቀነስበት ዕረፍት እንዳለን ይናገራል። የቀን ሥራም ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ይኼ ችሮታ አይደለም፣ ደንብ ነው።

ደንቡ ግን ብቻውን ከቤት አያስወጣም። ብዙዎቻችን የምናውቀው ነገር አለ። አርብ ሲደርስ ማዳም «የት ትሄጃለሽ? ማን አለሽ? ቤት አረፍ በይ፣ ከሰዓት እንግዳ ስለሚመጣ ቡናውን ብቻ ታቀርቢያለሽ» ትላለች። ያ «ብቻ» የሚለው ቃል ቀኑን ሙሉ ይበላዋል። መሄጃ የሌለው ዕረፍት ባለቤት እንደሌለው እርሻ ነው፣ ያገኘ ሁሉ ከብቱን ይለቅበታል። «በ11 ሰዓት ከእህቶቼ ጋር ቀጠሮ አለኝ፣ ይጠብቁኛል» የምትል ሴት ግን ቀኗን ለማስከበር መነሻ አላት። ሳይክሉን የፈለግሁት ለዚህ ነው። ዋናው ጉዳይ ጎማው ሳይሆን ቀጠሮው ነው።

ታዲያ ለምን ሳይክል? ለምን ቡና አፍልተን አንቀመጥም? ቡናውማ የትም አይሄድም። ነገር ግን ሳምንቱን ሙሉ ግድግዳ ውስጥ የዋለ ሰው አርብንም አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ሆኖ፣ ስልክ ላይ አቀርቅሮ ቢያሳልፈው ሰውነቱ መቼ ይዘረጋል? እኛ ሪያድን የምናውቃት ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጠን፣ በመኪና መስኮት ነው። አምስት ዓመት ኖሮ አንድ ሰፈር በእግሩ ያልዞረ ሰው ከመካከላችን ጥቂት አይደለም። ሳይክል ላይ ስትወጪ ግን መሪውን የያዝሽው አንቺ ነሽ፣ ፍሬኑም በእጅሽ ነው። ቀኑን ሙሉ «ነይ፣ ሂጂ፣ አምጪ» ስትባይ የዋልሽ ሴት ወዴት እንደምትታጠፊ ራስሽ ስትወስኚ ምን እንደሚሰማሽ በቃል ልነግርሽ አልችልም። ሞክሪውና ንገሪኝ።

መኪና መንገድ ላይ ንዱ እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የሪያድ መኪና እንዴት እንደሚበር ሁላችንም እናውቃለን፤ እዚያ መግባት ሞትን መጥራት ነው። እኔ የምለው መኪና የማይገባበትን መንገድ ነው። ከከተማው ምዕራብ ዋዲ ሐኒፋ የሚባለው ረጅም ሸለቆ አለ። ቀድሞ የቆሻሻና የፍርስራሽ መጣያ ሆኖ ነበር። ተጠርጎ፣ ውኃው ተጣርቶ፣ ዛፍ ተተክሎበት በ2010 እ.ኤ.አ. የአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማትን አግኝቷል። አሁን ደግሞ «ስፖርትስ ቡሌቫርድ» የሚባለው 135 ኪሎ ሜትር የሚሆን የእግረኛ፣ የሳይክልና የፈረስ መንገድ ይኼን ሸለቆ በምሥራቅ ካለው ከዋዲ ሱለይ ጋር እንዲያገናኝ እየተሠራ ነው። የመጀመሪያው ክፍል በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. ተከፍቷል፣ የዋዲ ሐኒፋውም በዚያ ውስጥ ነው። የሳይክሉ መንገድ ከመኪናው የተለየ ነው። ቤተሰብ ከነልጁ ይመጣል፣ ሴቱም ወንዱም ይነዳል።

እዚያው ሸለቆ ዳር ድርዒያ አለች። በ1727 የመጀመሪያው የሳዑዲ መንግሥት መናገሻ የሆነች፣ በ1818 በጦርነት የፈረሰች የጭቃ ከተማ ናት። ጡረይፍ የሚባለው ሠፈሯ በ2010 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል። ቴምር ከአትክልቱ፣ ግመልና ነጋዴ ከበረሃው ይገናኙባት ነበር። እኔ የባቲ ልጅ ነኝ፣ ሰኞ ገበያ ያደግሁ። ደገኛው እህሉን፣ አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን፣ ኦሮሞው ቅቤውንና ከብቱን ይዞ የሚገናኝበትን ገበያ ያየ ሰው ድርዒያን ለመረዳት አስተርጓሚ አይፈልግም። የጭቃው ግድግዳ፣ የዛፉ ጥላ፣ የአቧራው ሽታ አንድ ነው። አገር ቤት ይናፍቀናል እያልን የምናለቅስ ሰዎች እዚህ አፍንጫችን ሥር ያለውን ሳናይ ዓመቱ ያልፋል።

«ሴት ልጅ ሳይክል ላይ? ነውር ነው!» ያላችሁም አላችሁ። ይኼ ነገር እዚህም አገር ነበር። ሴቶች በመናፈሻና በመዝናኛ ቦታ ሳይክል እንዲነዱ የተፈቀደው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው፤ እሱም በአባያና ከወንድ ዘመድ ጋር ከሆነ ብቻ ነበር። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሀይፋ አል መንሱር የተባለች ሳዑዲ ሴት «ዋጅዳ» የሚል ፊልም ሠርታ ነበር። ታሪኩ እዚሁ ሪያድ ውስጥ ሳይክል ለመግዛት የምትታገል ልጅ ታሪክ ነው። በሰኔ 2018 ደግሞ ሴቶች መኪና መንዳት ጀመሩ። የአገሩ ሴቶች እንኳ ከዚህ የደረሱት ትናንት ነው። እኛ ግን የአያቶቻችንን ነውር በሻንጣ ይዘን መጥተን እስከ ዛሬ አላወጣነውም።

አገራችንም ብትሆን አላየንም እንዳንል። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ሳይክል የከተማው ሰው እግር ነው፣ ሴት ተማሪም ትነዳለች። አዲስ አበባም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» እየተባለ እሑድ እሑድ አንዳንድ ጎዳናዎች ለመኪና እየተዘጉ ልጆች በሳይክልና በሮለር ይፈነጩበት ጀምረው ነበር። እኛ ሰፈር ግን ወንዶቹ በደቂቃ ሒሳብ ተከራይተው ሲነዱ እኛ እንስራ አዝለን እናያቸው ነበር። ያኔ ተራ አልደረሰንም። አሁን በራሳችን ገንዘብ ተራችንን ብንገዛ ማን ይቆጣል?

እውነቱን ግን አልደብቅም፤ ይኼ ነገር ለሁላችንም እኩል የተከፈተ አይደለም። ኢቃማ የሌላት ወይም ሁሩብ የተመዘገበባት እህት ፍተሻ ባለበት ቦታ ትንቀሳቀስ ብዬ አልመክርም፤ የሷ ጉዳይ መቅደም ያለበት በማኅበራችን የሕግ ምክር ነው። ዕረፍት ፈጽሞ የማትሰጥ እህትም አለች። ለሷ መጀመሪያ ሳይክል ሳይሆን ስለ ደንቡ የሚናገርላት ሰው ያስፈልጋል። ነገር ግን ጥቂቶቻችን ቀናችንን በግልጽ ስንጠቀምበት ለሌላዋም መንገድ ይከፍታል። ማዳም ከማዳም ጋር ታወራለች። «የኔዋ አርብ አርብ ትወጣለች» የሚለው ወሬ ከቤት ቤት ይዞራል።

አሠራሩን እንዲህ አስቤዋለሁ። ከኅዳር እስከ መጋቢት ቀኑ ስለማይከብድ ከሰዓት በኋላ፣ በበጋው ግን ሙቀቱ ከ40 ስለሚያልፍ ማለዳ ብቻ እንወጣለን። አራት አራት ሆነን እንሄዳለን፣ ሁለት ሲነዱ ሁለት በእግር ይከተላሉ፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። የምታውቀው ለማታውቀው ታስተምራለች። አባያችንን ከታች ሰብሰብ አድርገን በፒን እንይዘዋለን፣ ሰንሰለት ውስጥ እንዳይገባ። ውኃና ኢቃማ ከእጃችን አይለይም። ከመካከላችን አንዷ የግሏን ሳይክል ባለፈው ክረምት ገዝታ እኔንም አስተምራኛለች። ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ፣ ጉልበቴ ተላጧል፣ ሰኞ ግን ሥራዬን ሠርቻለሁ። እንዲያውም ወገቤን ለወራት ያሠቃየኝ የነበረው ሕመም ቀለል ብሎኛል።

እናንተ ግን ለእናታችሁ ስልክ ስትደውሉ «ደኅና ነኝ» ትላላችሁ። እናት ደግሞ ድምፅ ታውቃለች። ገንዘብ መላክ ግዴታችን ነው፣ ልክ ነው። ሆኖም እናቶቻችን የላኩት ልጅ ነው፣ የሚጠብቁትም ልጃቸው በጤናዋ እንድትመለስ ነው። ወገቧ የተሰበረ፣ ልቧ የጨለመ ሴት ሁለት ፎቅ ብትሠራ ማን ይኖርበታል?

በሚቀጥለው ስብሰባ ጉዳዩ በድምፅ ይወሰን። የምትቃወሙም ኑና ተከራከሩኝ፣ አልቀየምም። የምትደግፉ 10 ሪያላችሁን ይዛችሁ ኑ። ስም መመዝገቢያውን ደብተር እኔ ይዤ እመጣለሁ።