የወደቀ ላፕቶፕ የፈሰሰ ውሃ አይደለም

ስታፍ ውስጥ ደጋግሜ የምሰማው ነገር አለ፦ «ላፕቶፔ ወድቆ ሞተ።» እኔ ግን ብዙ ጊዜ አልሞተም ባይ ነኝ። የሚገድለው ከወደቀ በኋላ የምናደርገው ነው።

ስክሪኑ ጨልሞ ማራገቢያው ከተሰማ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥን ጋር አገናኙት። ምስል ካመጣ የተጎዳው ስክሪኑ ወይም ኬብሉ ነው፤ ይቀየራል። ማጠፊያው ቢሰበርም መላ አለው። ባትሪው ካበጠ ግን ቻርጅ እንዳታደርጉት።

ትልቁ ጉዳይ ሃርድ ዲስኩ ነው። በድሮዎቹ ላፕቶፖች ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ የሚያነበው ጭንቅላት ሳይነካው ከላዩ ይንሳፈፋል። እየሠራ ከወደቀ ሳህኑን ሊጭረው ይችላል። «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ወዲያው አጥፉት! «እስቲ አንዴ ልሞክረው» ባላችሁ ቁጥር ጉዳቱ ይብሳል። ኤስኤስዲ ያለው የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው መውደቅን ይበልጥ ይችላል።

ላፕቶፕ እንደምንም ይገዛል። የሴሚስተሩ ሮስተር፣ የ12ኛ ክፍል ኖት ግን ከየት ይገዛል? ስለዚህ ለጥገና ስትሰጡ መጀመሪያ «ፋይሌ ይውጣልኝ፤ ሳትነግረኝ ፎርማት እንዳታደርገው» በሉ።

አሁን ሆዴ ውስጥ ወዳለው ልምጣ። ጠጋኙን «ብሎን ፈትተህ ነው ይሄን ያህል የምትጠይቀኝ?» እንለዋለን። ብሎን መፍታቱን ማን ያቅተዋል? ሰው የሚለየው መልሶ ሲገጥም ነው።

ደብረ ታቦር ላይ ተቀምጠን የእጅ ሙያን መናቅ ደግሞ ጭራሽ አያምርብንም። ጋፋት እኮ አፍንጫችን ሥር ናት! አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ ያስጎተቱት ሴባስቶፖል፣ ያ 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ፣ የተሠራው እዚያ ነው። ሀገሬው ቀጥቃጩን «ቡዳ» እያለ ሲሸሸው፣ ንጉሡ ከአውሮፓ አጥብቀው የጠየቁት ባለእጅ እንዲላክላቸው ነበር። ዛሬ እኛ ልጃችን ኮምፒውተር ጠጋኝ እሆናለሁ ቢል ስንቶቻችን ደስ ይለናል?

የኔ ሐሳብ ቀላል ነው። በየትምህርት ቤቱ ስቶር አቧራ የለበሱ ኮምፒውተሮች ካሉ ይውጡ፤ ተማሪዎች በአይሲቲ ክፍለ ጊዜ ይፍቱ፣ ይግጠሙ። የ«ማዘርቦርድ»ን ትርጉም ከሰሌዳ ከመገልበጥ አንድ ራም በእጅ መንቀል ይሻላል። ቢበላሽስ? ድሮም የተበላሸ ነው!

እናንተስ ምን ትላላችሁ? እስከዚያው ግን ላፕቶፑ ሳይወድቅ፣ ዛሬ ማታ ፋይላችሁን ፍላሽ ላይ ገልብጡ።