ያልተነቀለው ድንኳን

በእኛ አገር ድንኳን አብዛኛውን ጊዜ የሚተከለው ለሁለት ጉዳይ ነው፤ ለሠርግና ለለቅሶ። ለሁለቱም የሚነቀልበት ቀን አለው። ሠርገኛው ሲበተን ይነቀላል፤ ሐዘንተኛው ሦስተኛውን ቀን ሲያሳልፍ ይነቀላል። ድንኳን ተተክሎ ወራት ሲቆይ መጀመሪያ ያየሁት በድሬዳዋ ነው።

ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት፣ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚከርመው ደቻቱ፣ በደጋው በጣለው ዝናብ ሞልቶ ከተማይቱን መታት። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ሺዎች ቤት አልባ ሆኑ። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ። አክስቴ ቤቷን ጎርፉ ወስዶባት መጠለያ ገባች። እውነቱን ለመናገር ስንዴውም ዘይቱም ብርድ ልብሱም ደርሷታል። ነገር ግን ዝናብ ሸራውን መታ መታ ባደረገ ቁጥር ጫማዋን አጥልቃ እስኪነጋ ትቀመጥ ነበር። ጀበና አላጣችም፤ ቡናም አላጣችም። ያጣችው «ኑ ቡና ጠጡ» ብላ የምትጠራውን ሰው ነው። የቀድሞ ጎረቤቶቿ ከፊሎቹ ሌላ መጠለያ፣ ከፊሎቹ ዘመድ ቤት ተበትነዋል። አንድ ቀን ልጠይቃት ብሄድ እንዲህ አለችኝ፦ «ልጄ፣ ይኼ የማን ለቅሶ ነው? ድንኳኑ ተተክሏል፤ ለቀስተኛ ግን አይመጣም።»

ለብዙ ዓመታት ይህ የድህነታችን ውጤት ብቻ ይመስለኝ ነበር። በኋላ የጃፓኗን የኮቤን ታሪክ ሳነብ ግን ሐሳቤ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 17 ቀን 1995 ያቺን ከተማና አካባቢዋን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ6,400 በላይ ሰዎችን ገደለ። መንግሥት በወራት ውስጥ 48,000 ያህል ጊዜያዊ ቤቶችን ሠራ። ውኃ ነበራቸው፤ መብራት ነበራቸው። ቅድሚያው ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ተሰጠ፤ አመዳደቡም በዕጣ ሆነ። ከዚህ የበለጠ ርኅራኄና ፍትሕ ከየት ይመጣል? ይሁን እንጂ ዕጣው ጎረቤትን ከጎረቤት ለየ። ደካሞቹ፣ አንዱ ሌላውን በማያውቅበት የከተማ ዳር፣ ከደካሞች ጋር ተሰበሰቡ። በቀጣዮቹ ዓመታት በእነዚያ ቤቶች ውስጥ ከ200 በላይ ሰዎች ብቻቸውን ሞተው ተገኙ። ጃፓኖች ለዚህ ዓይነቱ ሞት ስም አላቸው፤ «ኮዶኩሺ» ይሉታል፤ የብቸኝነት ሞት ማለት ነው።

እንግዲህ ሰዎቹን የጎዳቸው ጭካኔ አይደለም። በቁጥር ብቻ የተመራ ደግነት ነው። እኔ በባንክ መስኮት ተቀምጬ ቀኑን ሙሉ ቁጥር የማመሳክር ሰው ነኝ። ሒሳቡ ሳንቲም ሳይጎድል ሲዘጋ ደስ ይለኛል። ይሁንና ሒሳብ ሲዘጋ የማይታይ ጉድለት እንዳለ አክስቴ አስተምራኛለች።

ጃፓኖችም ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ2004 በኒጋታ የመሬት መንቀጥቀጥ የያማኮሺ መንደር ሕዝብ በሙሉ ቀዬውን ለቆ ሲወጣ፣ ጊዜያዊ ቤቶቹ የተደለደሉት በየመንደሩ ነበር። የትናንቱ ጎረቤት ዛሬም ጎረቤት ሆነ።

እኛ የአእምሮ ሕመም የምንለው ሰው ጨርቁን ጥሎ ጎዳና ሲወጣ ነው። ዝም ያለውን «ጨዋ» እንለዋለን። በመጠለያ ውስጥ ግን ዝምታ ሁልጊዜ ጨዋነት አይደለም። ጎረቤት ሐኪምን አይተካም። ሆኖም እገሌ ትናንት ከድንኳኑ አለመውጣቱን ከሐኪም ቀድሞ የሚያውቀው ጎረቤት ነው።

«ዳቦ በሌለበት ስለ ቡና ማውራት ቅንጦት ነው» የሚለኝ አይጠፋም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ የመሬት ናዳ ከ200 በላይ ወገኖቻችን ሲያልቁ የሆነውን ያስታውስ። የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ለማውጣት አፈር ሲቆፍሩ ከነበሩት ብዙዎቹን ሁለተኛው ናዳ ቀበራቸው። ሰው ለጎረቤቱ ይህን ያህል ከሄደ፣ ከሞት የተረፉትን ጎረቤታሞች በአንድ ረድፍ ማስፈር ቅንጦት ሊባል አይገባም። ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። ተፈናቃይ ሲመዘገብ ስሙ፣ ዕድሜውና የቤተሰቡ ብዛት ይጻፋል። እኔ አንድ ዓምድ ይጨመር እላለሁ፦ «ጎረቤትዎ ማን ነበር?»

አክስቴ በኋላ ከድሮው ሰፈር ርቃ ቤት አገኘች። እስክትሞት ድረስ ግን የድሮውን ሰፈር የዕድር መዋጮ አንድም ወር አላቋረጠችም። በሞተች ዕለት ያ ዕድር መጥቶ ድንኳን ተከለላት። ለቀስተኛው ሞላ። ድንኳኑም በሦስተኛው ቀን ተነቀለ።

ያኔ በተማሪነቴ፣ በደብተሬ ጀርባ፣ በእርሷ አንደበት የጻፍኳትን ስንኝ ልተውላችሁ፦

ስንዴው ተሰፍሮልኝ፣ ሸራው ተወጥሮ፣
ቡናዬ ፈላልኝ፣ ማን ይምጣ ዘንድሮ?
ጎረቤቴን ስጡኝ፣ ጣራው ይቆይልኝ፣
ደጄን የሚያንኳኳ አንድ ሰው አስጠጉልኝ።