ስለ ካህናት ክስና ፍርድ

ካህን በተከሰሰ ጊዜ ከፍርድ በፊት ቃሉን መስማት አዲስ ሥርዓት አይደለም። እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር በ325 ዓ.ም. የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ በ5ኛው ቀኖና፥ ውግዘቱ ከኤጲስ ቆጶሱ ቂም ወይም ጠብ የመጣ እንደ ሆነ ይመረመር ዘንድ ጳጳሳት በዓመት 2 ጊዜ እንዲሰበሰቡ አዟል፤ አውጋዡም ከምርመራ አያመልጥም ማለት ነው።

በ1968 ዓ.ም. ግን ደርግ ፓትርያርኩን ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስን ከመንበራቸው አውርዶ አሰራቸው፤ በ1971 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ተገደሉ። የግብጽ ቤተ ክርስቲያን ሽረቱ ከቀኖና ውጭ ነው ብላ በምትካቸው የተሾሙትን አልተቀበለችም። የደብር አገልጋይ ግን እንዲህ የሚከራከርለት የለውም፤ በአንድ ደብዳቤ ሲታገድ ደመወዙና ስሙ አብረው ይሄዳሉ። እንግዲህ የሀገረ ስብከት ጽሕፈት ቤት እግድ ሲጽፍ የክሱን ቃል፥ የከሳሹን ስምና መልስ የሚሰማበትን ቀን በዚያው ደብዳቤ ሊገልጽ ይገባዋል።