የጀማን ገደል አሞሮች የሚቆጥር ይኑር

በኅዳር የሰላሌ ሰማይ ጥርት ይላል። የክረምቱ ጉም ከሸለቆው ተነሥቷል፣ እህሉ ታጭዶ ወደ አውድማ እየገባ ነው፤ ከደብረ ሊባኖስ አካባቢ አፋፍ ላይ ሆኖ ወደ ጀማ ተፋሰስ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው ከማዶው ገደል ላይ የተንጠባጠበው ነጭ ኩስ ሳይቀር ይታያል። ያ ነጭ ቦታ የአሞሮች ማደሪያ ነው። ጠዋት እስከ ሦስት ሰዓት ገደማ ክንፋቸውን ለፀሐይ ዘርግተው በድንጋዩ ላይ ይቆያሉ። የቆላው መሬት ሞቆ አየሩ በገደሉ ግድግዳ ሽቅብ መንፈስ ሲጀምር ተራ በተራ ራሳቸውን ይለቃሉ፤ ክንፍ ሳያርገበግቡም እየዞሩ ወደ ላይ ይወጣሉ። አፋፉ ላይ የቆመ ሰው ሜዳ ላይ የማይገኝ ነገር ያያል፦ የሚበርን አሞራ ጀርባ። በጀርመናዊው ተጓዥ በሩፔል ስም የሚጠራው የገደል ጥንብ አንሳ በጥቁር ቡናማ ጀርባው ላይ እያንዳንዱ ላባ ዳሩ ነጣ ያለ ስለሆነ ቅርፊት የለበሰ ይመስላል። ጢማሙ አሞራ ደግሞ ጅራቱ ረጅምና ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ ደረቱም ብረት ባለው ጭቃ ታጥቦ የቀላ ነው፤ አጥንት ይዞ ከፍ ብሎ ይወጣና ከጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይለቀዋል፣ ሲሰበርም ወርዶ ስብርባሪውን ከነመቅኑ ይውጠዋል። ይህን እረኞች በየቀኑ ያዩታል፣ የሩቅ አገር ሰዎችም ባሕር ተሻግረው ይመጡለታል። ስንት እንደሆኑ በየዓመቱ ቆጥሮ መመዝገብ ግን በአገር ደረጃ ልማዳችን አልሆነም። ይህ ልማድ ሊጀመር ይገባል እላለሁ፤ ጊዜው ኅዳር፣ ቦታው የወንዞቻችን ገደል አፋፍ፣ ቆጣሪዎቹም እዚያው የሚኖሩ ሰዎች ሆነው።

ምክንያቴ የወፎቹ ውበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ለጋዜጣ ባልበቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አህጉር አቀፍ ጥናት ስምንት የአፍሪካ ጥንብ አንሳ ዝርያዎች በሠላሳ ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ በአማካይ 62 በመቶ መቀነሳቸውን አሳይቷል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የሩፔልን ጥንብ አንሳ፣ እንዲሁም በየቄራው የምናየውን ትንሹን ቡናማ ጥንብ አንሳ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ አስገብቷቸዋል። እነዚህ ወፎች ቶሎ አይተኩም። የገደሉ ጥንብ አንሳ በአንድ የመራቢያ ወቅት የሚጥለው አንድ እንቁላል ነው፤ ጫጩቱም ለመውለድ የሚደርሰው ከዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ ከአንድ ገደል በዓመት ጥቂት አሞራ ቢሞት ለዓይን ምንም የጎደለ አይመስልም፤ የቀሩት ትልልቆቹ ለብዙ ዓመት ይበርራሉና። ጉድለቱ የሚታወቀው ዛሬ የታየውን ከአሥር ዓመት በፊት ከተጻፈው ጋር ማስተያየት የሚችል ሰው ሲኖር ብቻ ነው።

ለዚህ የሕንድን ያህል ግልጽ ምስክር የለም። ቪቡ ፕራካሽ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በራጃስታን በሚገኘው የኬዎላዴዎ ብሔራዊ ፓርክ የአሞራ ጎጆዎችን ቆጥረው ነበር። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ እዚያው ሲቆጥሩ ጎጆዎቹ ባዶ እየሆኑ፣ አሞሮቹ በየዛፉ አንገታቸውን ደፍተው እየሞቱ አገኙ። የቀድሞው ቁጥር ባይኖር የኋለኛው ማንንም ባላስደነገጠ ነበር። ምክንያቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። እኛም አገር ለሰው ሕመም ማስታገሻ በየፋርማሲው የሚሸጠው ዳይክሎፌናክ ለከብት ይሰጥ ነበር፤ መድኃኒቱን የወሰደ ከብት ሲሞት ሥጋውን የበላ አሞራ ኩላሊቱ ሥራ ያቆማል። ሕንድ መድኃኒቱን ለከብት ሕክምና እንዳይውል የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ በአንድ ወቅት በሚሊዮን ይቆጠር የነበረው ወገበ ነጩ ጥንብ አንሳ ከ99 በመቶ በላይ አልቆ ነበር። በድኑን የሚያነሣው ሲጠፋ ውሻ በዛ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት ጨመረ፣ ውኃውም ተበከለ። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ የምጣኔ ሀብት ጥናት ከ2000 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት ብቻ ከአሞሮቹ መጥፋት ጋር የተያያዘ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ተጨማሪ የሰው ሞት እንደደረሰ ገምቷል። ቆጥራ የነበረች አገር እንኳ ይህን ያህል ከዘገየች፣ ያልቆጠረች ምን ልትሆን እንደምትችል ማሰብ ይገባል።

ኢትዮጵያ በቀንድ ከብት ብዛቷ በአፍሪካ ከሁሉም ቀድማ ትጠራለች። ከብት ሲሞት በየሜዳው ይጣላል፤ አባ ሰንጋም የእብድ ውሻ በሽታም ዛሬም ሰው የሚገድሉብን ሕመሞች ናቸው። የጥንብ አንሳ ጨጓራ አሲዱ እጅግ ኃይለኛ ስለሆነ ሌላውን እንስሳ የሚያሳምመውን የበሰበሰ ሥጋ ያለ ጉዳት ይፈጨዋል፤ ብዙ ጀርምም እዚያው ያልቃል። እኛ ይህን ጉዳይ ለመረዳት የሚያበቃ የራሳችን ትዝታ አለን። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠርገን የምናቃጥለው፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው፣ በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ስንቱን ቤት ባዶ ያስቀረውን ወረርሽኝ እያስታወስን ነው። ንጽሕናን ከሰው ሕይወት ጋር ያስተሳሰረ ቀን በቀን መቁጠሪያችን ላይ ካለ፣ የአገሪቱን በድን ያለ ደመወዝ የሚያነሡትን ወፎች መቁጠር ከዚሁ ሳምንት ጋር ማያያዝ ባዕድ ነገር አይሆንም። ወቅቱም ይፈቅዳል። ዝናቡ አባርቷል፣ ሰማዩ ክፍት ነው፤ ከባልካን አገሮችና ከቱርክ ክረምቱን ሸሽተው የሚመጡት ነጫጭ ጥንብ አንሳዎችም፣ ከእስያ ሜዳዎች የሚወርዱት ንስሮችም በዚህ ጊዜ አገራችን ገብተዋል።

ወፍ ማየት የጠገበ ሰው ሥራ ነው የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ንቀት ያለበት መልስ አይደለም። ኑሮ በተወደደበት፣ ብዙ ሰው የዕለት ጉርሱን በሚያስብበት አገር መነጽር አንግቶ ገደል ላይ መቆም ቅንጦት መምሰሉ አይገርምም። ነገር ግን ቅንጦቱ ያለው አለማወቁ ላይ ነው። በድን የማይነሣበት አካባቢ የሚጎዳው በቅድሚያ መኪና ውስጥ የሚያልፈውን ሳይሆን ውኃ ከምንጭ የሚቀዳውን፣ ልጁ በውሻ የሚነከስበትን ነው። ለቆጠራው የሚያስፈልገውም ከባድ መሣሪያ አይደለም፤ የገደሉ ጥንብ አንሳ ክንፉ ሲዘረጋ ከሁለት ሜትር በላይ ስለሆነ በዓይን ይቆጠራል፤ ዝርያ ለመለየት ለአንድ ቡድን አንድ መነጽር ይበቃል። ደግሞም ከሙከ ጡሪ ወደ ዓለም ከተማ በሚወስደው መንገድ ጀማን የሚሻገሩ የውጭ አገር ወፍ ተመልካቾች በአብዛኛው የሚፈልጉት ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የማይገኘውንና ዋና መኖሪያው የአባይና የገባሮቹ ሸለቆ የሆነውን የሃርውድ ቆቅ ነው። ይህ ቆቅ በማለዳ ከቁጥቋጦ ውስጥ ሲጮኽ ይሰማል እንጂ በቀላሉ አይታይም፤ የት እንደሚጮኽ የሚያውቀው የዚያው አገር ልጅ ነው። ዕውቀቱ በደብተር ቢያዝ ለልጁ እንጀራ ይሆነዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባለሙያ ወገን የሚመጣ ነው፤ የተማሪና የእረኛ ቆጠራ ምን ይታመናል የሚል። ለዚህ መልሱ በአሠራሩ ነው። አሞራ ስለሚዞር አንዱን ደጋግሞ መቁጠር ቀላል ስሕተት ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ያለፈውን ከመደመር ይልቅ ከአንድ ቋሚ ቦታ ሆኖ፣ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት፣ በአንድ ጊዜ አብረው የታዩትን ከፍተኛ ቁጥር መመዝገብ ይሻላል። በገደሉ ላይ ያሉት ጎጆዎችና ማደሪያዎችም ከዓመት ዓመት ቦታቸው ስለማይርቅ ለብቻቸው ይቆጠራሉ። ቆጣሪው በየዓመቱ ጥቂት ቢሳሳት እንኳ ዘዴው ካልተለወጠ አዝማሚያው ይታያል፤ የምንፈልገውም እሱን ነው። የውኃ ወፎች በብዙ አገሮች በጥር ወር የሚቆጠሩት በአብዛኛው በበጎ ፈቃደኞች ነው፤ መንግሥታት ግን ውጤቱን ይጠቀሙበታል። እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና ተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ለወፎች ወሳኝ ናቸው ያላቸውን 69 ቦታዎች ለይቶ በመጽሐፍ አሳትሟል፤ የጀማና የጃራ ሸለቆዎች ከእነዚያ አንዱ ናቸው። መሠረቱ አለ። የጎደለው በየአፋፉ ቆሞ በየዓመቱ የሚጽፍ ሰው ነው።

አንዳንዱ ደግሞ በከተማው ቄራ ዙሪያ የሚያንዣብበውን እያየ አሞራ መች ጠፋ ይላል። ቄራው ሥጋ ያለበት ስለሆነ ከብዙ ኪሎ ሜትር ይስባል። በገጠር ምግቡ እየሳሳ፣ መርዙ እየበዛ ሲሄድ የቀሩት ሁሉ ወደዚያው ስለሚሰበሰቡ በአንድ ቦታ መብዛታቸው የጠቅላላውን መቀነስ ሊሸፍን ይችላል። ጎጆ የሚሠሩበትን ገደል ማየት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ከባዱ ጥያቄ ሰላም ነው። ዛሬ በሰሜን ሸዋም ሆነ በሌሎች ቦታዎች ልጆችን ሰብስቦ ገደል አፋፍ ላይ ማዋል የማይቻልባቸው ወረዳዎች አሉ፤ እዚያ ይደረግ ብሎ መጻፍ ኃላፊነት የጎደለው ይሆናል። ሰላም ባለበት፣ ለመንገድ ቅርብ በሆነ አፋፍ፣ የአንድ ትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበብና ቦታውን የሚያውቁ ሁለት ሦስት አዋቂዎች ይበቃሉ። የገዳማት አባቶችም ይህን ቢይዙት ከማንም ይልቅ ይጸናል፤ ገደሉን በየቀኑ የሚያዩት እነርሱ ናቸውና።

ቁጥሩ ሲገኝ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቅበት ጉዳይ አለ። ከተሞች ባለቤት የሌለው ውሻ ሲበዛባቸው መርዝ ያስቀምጣሉ፤ ገበሬም ጅብ በጉን ሲጨርስበት በድኑን ይመርዛል። የአንድ የተመረዘ በድን ሥጋ በአንድ ጠዋት ደርዘን አሞራ ሊገድል ይችላል፤ መሸፈኛ የሌለው የኤሌክትሪክ ምሰሶም ክንፈ ሰፊውን ወፍ ይመታዋል። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የዘንድሮውንና የአምናውን ቁጥር ጎን ለጎን ይዞ፣ በመካከሉ የት መርዝ እንደተቀመጠ፣ የት አዲስ መስመር እንደተዘረጋ ቢያመሳክር፣ ውሻን በመርዝ ከመግደል ይልቅ በክትባት መቆጣጠር ይሻላል የሚለው ክርክር ማስረጃ ያገኛል። ለዚያ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው መስመር በዚህ ኅዳር ይጻፍ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የአፋፉ ስም፣ በአንድ ጊዜ የታዩት ጥንብ አንሳዎች ብዛት፣ የቆጠረው ሰው ስም። ደብተሩም በመምህሩ ቦርሳ ሳይሆን በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፤ መምህር ይዛወራል።