ወንበር ፈላጊው በዝቶ፣ ጠፋሪው ጠፋ

ባለፈው ዓመት እናቴ ካረፈች በኋላ የቤቱን ዕቃ ለመለየት አሰላ ሄጄ ነበር። የአባቴን የጠፍር ወንበር ጓዳ ውስጥ የዶሮ ማደሪያ ሆኖ አገኘሁት። ጠፍሩ ተበጣጥሶ መቀመጫው ወለል ብሏል። እንጨቱ ግን የሙነሳ ደን ዝግባ ነው፤ ንቅንቅ አላለም። «ምን ያደርግልሃል? ማገዶ ይሁን» አለችኝ እህቴ።

ማገዶ! በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዝግባን ከጥድ፣ ከኮሶና ከዋንዛ ጋር በስም ጠቅሶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። እኛ ደግሞ ተሠርቶ ያለቀውን እንማግዳለን። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው።

ቤት ዕቃ ሠሪዎች ዘንድ ዞርኩ። አንዱ የናይለን ገመድ ልወጥርልህ አለኝ፤ ሌላው ኮምፔንሳቶ መትቼ ስፖንጅ ላልብስልህ። ናይለን ሲቀመጡበት እየላላ ይሄዳል። ጠፍር እንደዚያ አይደለም። የበሬ ቆዳ ተነክሮ፣ ጠጉሩ ተፍቆ፣ ከዳር ወደ መሐል እየዞረ በአንድ ወጥ ይተለተላል፤ ገና እርጥብ ሳለም ይጠፈራል። ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲኮማተር ደግሞ መቀመጫውን ብቻ ሳይሆን የላላውን የእንጨት መጋጠሚያ ጭምር ስቦ ያጠብቃል። ከተበጠሰ ይለወጣል። ወንበሩ ከመጀመሪያው እንዲጠገን ታስቦ የተሠራ ነው ማለት ነው። ጠፍሩ ስለተበጠሰ ወንበሩ አበቃለት የሚል ሰው፣ ጎማው ስለተነፈሰ መኪናውን ገደል የሚከት ነው።

ቆዳ ጠፍቶ ነው እንዳትሉኝ። በከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚዎቹ እኛ ነን። በበዓል ማግስት ቆዳ ገዢ አጥቶ መንገድ ዳር ሲሸት አይተን፣ አፍንጫችንን ይዘን አልፈናል። የጠፋው ሰው ነው። ለምን ጠፋ? እኛው አጠፋነው!

ልጅ ሆኜ ያንን ወንበር የጠፈረልንን ሰው አስታውሰዋለሁ። ስሙን ግን አላውቀውም፤ ሰፈሩ «ፋቂው» ነበር የሚለው። ሥራውን ጨርሶ እናቴ ቡና ስትሰጠው ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠጣ ነበር። ሲኒውም ለብቻው ነበር። በጠፈረው ወንበር ላይ አንድ ቀን እንኳ ሲቀመጥ አላየሁም። እኔም አድጌ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ልቦለድ እያጣቀስኩ ስለ ሠራተኛ ክብር ስንት ዓመት አስተማርኩ። ያንን ሲኒ ግን አንድ ቀን አላነሣሁትም።

አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ። ስድቡ ከአዋጁ የበለጠ ዕድሜ አገኘ።

የሰውየውን ልጅ አፈላልጌ አገኘሁት፤ ባጃጅ ይነዳል። መጠፈር ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ሙያውን አሳምሬ አውቀዋለሁ» አለኝ። «ስሙን ግን ልጆቼ እንዲወርሱት አልፈልግም።» እጥፍ እከፍልሃለሁ ልለው ቃጣኝ፤ አፈርኩና ዝም አልኩ።

አሁን «ባህላችን ጠፋ» እያልን ሙሾ እናወርዳለን። ያረጀ ወንበር ከገጠር በርካሽ ገዝተን፣ ሳሎን ጥግ አቁመን፣ «አንቲክ ነው፣ እንዳትቀመጥበት!» እንላለን። ወንበሩን አከበርነው፤ ሠሪውን ግን ዛሬም ደጅ አስቀምጠነዋል። ፕላስቲክ ወንበር በገዛ ድሃ አልፈርድም፤ አቅሙ ነው። የምፈርደው እኔን በመሰለው ነው።

አሰላ እኮ በ1960ዎቹ በስዊድን ርዳታ የቆመው ካዱ የገበሬውን ማረሻና ጋሪ ለማሻሻል ሲሞክር ያየች ከተማ ናት። የገበሬ ዕቃ ለምርምር ከበቃ፣ ጠፍር ለቴክኒክና ሙያ ትምህርት የማይበቃው ለምንድን ነው? አንድ ክፍል ይከፈት። ሙያውን የሚያውቀው ሰው ከነሙሉ ስሙ «መምህር» ይባል፤ ደመወዙም የመምህር ይሁን። ያኔ የባጃጅ ነጂው ልጆች የሚወርሱት ስድብ ሳይሆን ሙያ ይሆናል።

ወንበር ለመያዝ የሚጋፋ ሞልቷል፤ ወንበር የሚጠፍር ነው የታጣው። የአባቴን ወንበር ይዤው መጥቻለሁ። መቀመጫው ዛሬም ባዶ ነው፤ ናይለን አላስወጥርበትም። እንግዳ ሲጠይቀኝ «ጠፋሪው እስኪመጣ ነው» እለዋለሁ። የመጣ ዕለት ቀድሞ የሚቀመጥበት እሱ ነው፤ ቡናውም በእኔው ሲኒ ይቀዳለታል።