ካሣ በቤት ዋጋ ሲለካ

ኒው ኦርሊንስን ያጠፋት ነፋሱ ነው የሚለው አሳብ ከብዙ ሰው ልቡና እስከ ዛሬ አልወጣም። ነገሩን ከሥሩ ለመረመረ ሰው ግን፣ በ1997 ዓ.ም. ነሐሴ 23 ቀን፣ ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ወጥቶ የሉዊዚያናን ጠረፍ በመታ ዕለት፣ ከተማዪቱን ለውሃ አሳልፎ የሰጣት የሰው እጅ የሠራው፣ የሰውም ስሌት የሳተው የጎርፍ መከላከያ ግንብ እንደ ነበረ ግልጽ ሆኖ ይታየዋል። በ17ኛው ጎዳናና በለንደን አቬኑ ቦዮች ዳር የቆሙት ግድግዳዎች፣ ውሃው ገና ከጫፋቸው ሳይደርስ ተንደው ወደቁ፤ ከከተማዪቱም ከመቶው 80 እጅ ያህሉ ሰጠመ፤ ግንቡን ያነጸው የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ጓድም በማግሥቱ ዓመት ጉድለቱ የራሱ መሆኑን በይፋ አመነ። እንግዲህ ይህን መዓት እንደ ማየ አይኅ ከላይ የታዘዘ ቅጣት አድርገው የሚናገሩ ሰዎች፣ በፈጣሪ ስም የሰውን ዕዳ መሰረዛቸው መሆኑን ቢያስተውሉት መልካም ነበር። በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የወደድሁትም ስለዚሁ ዕዳ አከፋፈል ነው፤ ጎርፍ ካለፈ በኋላ የሚመጣው ሁለተኛው መከራ ከእርሱ ይወለዳልና።

ውሃው ከከተማዪቱ ተመጥጦ ያለቀው ጥቅምት 1 ቀን 1998 ዓ.ም. ነው። ከየተሰደደበት ቤቱን ሊያይ የተመለሰው ሰው ያገኘው፣ ወለሉን የሸፈነ የደረቀና የተሰነጣጠቀ ደለል፣ ከግድግዳው ወደ ጣራው የወጣ ጥቍር ሻጋታ፣ በግድግዳውም ላይ ውሃው ረግቶ የቆየበትን ከፍታ የሚያሳይ ቡናማ መስመር ነበር። መብራት ከጠፋ ወዲህ በውስጣቸው የነበረው ምግብ ስለ በሰበሰ ማንም ሊከፍታቸው ያልደፈረ ፍሪጆች፣ በፕላስተር እንደ ታሸጉ በየመንገዱ ዳር ተደርድረው ይታዩ ነበር። በየቤቱ ፊት ደግሞ፣ ከጎርፉ የተረፈና የሞተ ሰው ይፈልጉ የነበሩ ጓዶች በቀለም የረጩት ሰያፍ መስቀል ነበር፤ በአንዱ ማዕዘን ቤቱ የተፈተሸበት ቀን፣ በሌላው የፈተሸው ጓድ መለያ፣ በሦስተኛው በውስጡ የታየው አደጋ፣ ከግርጌው በሕይወትም ሆነ ሞተው የተገኙት ሰዎች ቍጥር ተጽፎበታል። ቤተ ዘመድ ሲመለስ አስቀድሞ የሚያነበው ይህን የግርጌውን ቍጥር ነበር። በሉዊዚያና ካለቁት ሰዎች ግማሽ ያህሉ 75 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው አረጋውያን ነበሩና፣ ብዙ ልጅ በዚያ ቍጥር የእናቱን ወይም የአባቱን ሞት አነበበ።

ይህን ሁሉ አልፎ ቤቱን መልሶ ለመሥራት የቈረጠ ሰው ደግሞ ወደ መንግሥት መዝገብ ቤት ሄደ። የሉዊዚያና መንግሥት ከፌዴራሉ መንግሥት ባገኘው ገንዘብ ሮድ ሆም የተባለ የቤት ማደሻ ርዳታ አቋቁሞ ነበር። የርዳታው ጣሪያ 150,000 ዶላር ሲሆን፣ ለያንዳንዱ ባለቤት የሚደርሰው ግን፣ ቤቱ ከጎርፉ በፊት ያወጣ የነበረው ዋጋና ቤቱን ለመጠገን የሚያስፈልገው ወጪ ተነጻጽረው፣ ከሁለቱ በሚያንሰው ይታሰብ ነበር። ደንቡ ለሰሚው ርትዕ ይመስላል። ነገር ግን ለሚስማርና ለእንጨት፣ ለአናጢና ለግንበኛ የሚከፈለው ዋጋ በሀብታሙም በድኻውም ሰፈር አንድ ሲሆን፣ የቤት ዋጋ ግን በሰፈሩ ስምና በነዋሪው የቆዳ ቀለም ከፍና ዝቅ ሲል የኖረ ነገር ነው። ስለዚህ ሎወር ናይንዝ ዋርድ በሚባለው የጥቍሮች ሰፈር የሚኖር ሰው፣ ቤቱ በስፋትም በጉዳትም ነጮች ከሚበዙበት ከሌክቪው ሰፈር ነዋሪ ቤት ጋራ እኩል ቢሆን እንኳ፣ ግድግዳ አቁሞ ጣራ ለማልበስ የማይበቃ ገንዘብ ተቀብሎ ይመለስ ነበር። በዚህም ሰፈር ቤት ከአያት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ያለ ኑዛዜና ያለ ስም ዝውውር ይተላለፍ ስለ ነበር፣ ተወልዶ ባደገበት ቤት ባለቤትነቱን በሰነድ ማስረዳት ያልቻለው ወራሽ እጅግ ብዙ ነበር።

መንግሥት ሰው ካጣው ዋጋ በላይ ለምን ይከፍላል የሚሉ አሉ፤ የግብር ከፋዩ ገንዘብ በከንቱ እንዳይባክን ከማሰብ የመጣ ክርክር ስለሆነ ላቃልለው አልሻም። ሆኖም ያ ቤተሰብ ያጣው ለገበያ ያወጣውን ዕቃ ሳይሆን ማደሪያውን ነው፤ ማደሪያውንም ያፈረሰበት መንግሥት ራሱ የሠራው ግንብ ነው። የሰውን ቤት ያፈረሰ እጅ ቤቱን ማቆም እንጂ የቤቱን የገበያ ዋጋ መመዘን አይገባውም። የሮድ ሆም ደንብ ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2011 በስምምነት ሲያልቅ፣ ለባለቤቶቹ 62 ሚሊዮን ዶላር እንዲጨመርላቸው ተወሰነ፤ ይህም ከጎርፉ በኋላ 6 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። በዚያው በፈረንጆች አቈጣጠር በ2000 በተደረገው ቈጠራ 484,674 የነበረው የከተማዪቱ ሕዝብ በ2010 ወደ 343,829 ወርዶ ተገኘ። የዚህ ሁሉ ምክንያት አንድ ደንብ ነው አልልም፤ ነገር ግን መመለስ ፈልገው በገንዘብና በሰነድ ጉድለት የቀሩት ሰዎች ከዚህ ቍጥር ውስጥ ናቸው።

ባሕሩ እየሞቀ፣ አውሎ ነፋሱም እየበረታ በሚሄድበት በዚህ ዘመን የካሣ ደንብ የሚያረቅቁ ሹማምንት ሁሉ ሁለት ነገር እንዲጽፉ እጠይቃለሁ፤ አንደኛው፣ ካሣው ቤቱን መልሶ ለመሥራት በሚያስፈልገው ወጪ ብቻ እንዲታሰብ፤ ሁለተኛው፣ ሰነድ የሌለው ወራሽ በጎረቤቶቹ ምስክርነት፣ ግብር በከፈለበት ደረሰኝና ልጆቹ በተጠመቁበት የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ባለቤትነቱ እንዲታወቅለት ነው። ሁለቱም ጎርፉ ከመምጣቱ በፊት በሕግ መጻፍ አለባቸው፤ የጎረፈበት ሰው 6 ዓመት የሚጠብቅበት ማደሪያ የለውምና።