ጅብ ከሄደ በኋላ እንዳንጮኽ

ርዕሰ አንቀጽ

ከሰፈራችን በላይ ያለው የድንጋይ ካባ ፈቃዱ ሊታደስ ነው። ባለፈቃዱ ቁፋሮውን ወደ ግጦሹ ሜዳ ለማስፋትም ጠይቋል። ማኅበራችን በጉዳዩ ላይ ለመምከር በመጪው እሑድ ከቀኑ በ8 ሰዓት በእድሩ አዳራሽ ስብሰባ ጠርቷል። ከዚያ በፊት ግን አቋማችንን መግለጽ እንወዳለን።

ስለ ካባው ሁለት ዓይነት ወሬ ይሰማል። አንዱ «አቧራው ጨረሰን፣ ይዘጋልን» ሲል ሌላው «ልጆቻችን እኮ እንጀራ የሚበሉት ከዚያ ነው፣ አትንኩብን» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። የተሰጣ ልብስ ሳይደርቅ አቧራ ይለብሳል። በሌላ በኩል የቤታችን መሠረትና የኮንክሪታችን ጠጠር ከካባ የወጣ ነው፤ ድንጋይ ፈላጩም ጫኙም ጎረቤታችን ነው። ስለዚህ እኛ «ይዘጋ» ወይም «እንዳሻው ይሥራ» አንልም። የምንለው አሠራሩና አዘጋጉ አንድ ላይ፣ ዛሬውኑ ይታቀድ ነው።

ለምን ቢባል የታችኛውን አሮጌ ጉድጓድ ማየት ይበቃል። ያስቆፈረው ሥራ ተቋራጭ ድንጋዩ ሲያልቅ ማሽኑን ጭኖ ሄደ። ለእኛ የቀረልን ገደልና ክረምት በመጣ ቁጥር የሚሞላ ውሃ ነው። ባለፈው ነሐሴ አንድ የሰፈራችን ልጅ ሊዋኝ ገብቶ በገመድ ተጎትቶ ነው ነፍሱ የተረፈችው። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ ጻፍን፤ ግን ማን ይቀበለን? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

መሬቱን መልሶ ማልማት የመጨረሻው ቀን ሥራ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ዶማ ጋር ይጀመራል። በቅድሚያ የላይኛው ለም አፈር ተገፍቶ ለብቻው ይቀመጣል እንጂ ከሥሩ ካለው ኮረትና ውዳቂ ጋር አይደባለቅም። ክምሩ ዝቅ ያለ፣ ሣር የተዘራበትና መኪና የማይረግጠው መሆን አለበት፤ አለዚያ ለምነቱን ያጣል፣ ዝናብም ያጥበዋል። አፈሩ ተሽጦ ካለቀ በኋላ ችግኝ እንትከል ቢባል በምን ላይ ሊተከል ነው?

ሁለተኛ፣ ቁፋሮው በእርከን ይሁን እንጂ አንድ ቀጥ ያለ ገደል አይሁን። ሦስተኛ፣ በክፍል በክፍል ይሠራ፤ አዲሱ ክፍል ሲከፈት ያለቀው ይስተካከል፣ አፈር ይልበስ፣ በክረምት መግቢያም ይተከልበት። አራተኛ፣ ጉድጓዱ ይታጠር፣ የጎርፍ መውረጃ ይበጅለት፣ የጠጠር መፍጫው ላይ ውሃ ይረጭ፣ ፍንዳታም በታወቀ ሰዓት ከማስጠንቀቂያ ጋር ይደረግ።

«ዓለት ላይ ምን ይበቅላል?» የሚሉ አይጠፉም። በጎረቤት አገር ኬንያ፣ ሞምባሳ አጠገብ በባምቡሪ የሲሚንቶ ድንጋይ የወጣበት ራቁት መሬት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ሬኔ ሃለር የተባሉ ባለሙያ 26 ዓይነት ዛፎች ሞከሩ፤ የጸደቁት ሦስት ብቻ ነበሩ። አንዱ እኛም አገር ያለው ሽውሽዌ ነው። ከሚረግፈው ቅጠል ቀስ በቀስ አፈር ተፈጠረ፤ ዛሬ ቦታው ሰው የሚጎበኘው ጫካ ነው። ይቻላል ማለት ነው፤ ግን ጊዜ፣ ገንዘብና ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ይፈልጋል።

ይህን ስንል ችሮታ መለመናችን አይደለም። በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 92 በቀጥታ በሚመለከቱን የአካባቢ ፕሮጀክቶች ዕቅድና አፈጻጸም ላይ ሐሳብ የመስጠት መብት ሰጥቶናል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678ም ቢሆን ባለፈቃዱ አካባቢውን መልሶ ለማልማት የሚበቃ ገንዘብ እንዲመድብ ደንግጓል።

ወደ ራሳችንም እንመልከት። በአሮጌው ጉድጓድ ውስጥ ቆሻሻ የሚደፋው ከሌላ ሰፈር የመጣ ሰው ነው እንዴ? ሌሊት ሌሊት በማዳበሪያ ተሸክመን የምንጥለው እኛው ነን። ልማት የምንጠይቅ ከሆነ ይህ ነውር ከዛሬ ጀምሮ መቆም አለበት።

እንግዲህ እሑድ ስንገናኝ ለባለፈቃዱና ለወረዳው ተወካዮች ሦስት ጥያቄ እናቅርብ። ለሙ አፈር የት ይቀመጣል? የመጀመሪያው ክፍል በየትኛው ክረምት ይተከልበታል? ለማልሚያው የተመደበው ገንዘብ ስንት ነው፣ በማንስ እጅ ነው? መልሱ በቃል ብቻ ሳይሆን ተጽፎ፣ ተፈርሞ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍልን።

እናቶች፣ አባቶች፣ በካባው የምትሠሩ ወጣቶችም፣ «እነሱ ይነጋገሩልን» ብላችሁ አትቅሩ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።